የመንገድ ማስጠንቀቂያ ምልክትና አዲሱ ነጂ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች ትምህርት ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ነገራችን ግን ከቤት ደጃፍ ወጥቶ በመንገድ ላይ የሚገኝ ነው። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ ልጁ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ አባት፣ ወይም ማታ የመኪና ድምፅ እስክትሰማ ድረስ እንቅልፍ የማይወስዳት እናት መልሱን ይስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ነገሮችም ሁሉ የመንገድ አደጋ ቀዳሚው እንደ ሆነ አስታውቋል። እንግዲህ ነገሩ በያንዳንዱ ቤት ደጅ የቆመ ነው ማለት ነው።

አዲስ ነጂ ሁሉ መሪ ከመጨበጡ አስቀድሞ የመንገድ ምልክቶችን ያጠናል፤ ይፈተናልም። ታዲያ የምልክቶቹን ስም አጥንቶ ፈተናውን ያለፈ ሰው በምልክቱ አጠገብ አልፎ ወደ አደጋ የሚገባው ስለ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ለራሴ እንድጠይቅ ያደረገኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ እርሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከእኅቴ ልጅ ጋራ ወደ ደብረ ማርቆስ እንሄድ ነበር። መኪናውን የሚነዳው እርሱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አራት ወር አልሞላውም። እናቱም ከኋላ ተቀምጣለች። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሓ መውረጃ ስንቃረብ በመንገዱ ቀኝ ዳርቻ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ቆሞ አየሁ። እኔም እንደ መምህርነቴ ልማድ፣ «ይህ ምልክት ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ሳይዘገይ፣ «አደገኛ ቁልቁለት ነው፣ ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ። «ጎበዝ!» አልሁት። መልሱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እግሩን ከነዳጅ መስጫው አላነሣም፤ እጁም ማርሹን አልነካም። እኔም ይህን ልብ አላልሁም።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ወገን ብቻ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የእኅቴ ልጅ በከፍተኛ ማርሽ እየተንደረደረ፣ በየመታጠፊያው ፍሬን እየረገጠ ወረደ። ጥቂት እንደ ሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ እንዳትሰማ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ እየላላብኝ ነው» አለኝ። ደግነቱ ሳይደነግጥ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ቀነሰና፣ አንድ የጭነት መኪና ከቆመበት ሰፋ ያለ ሥፍራ ስንደርስ እንደ ምንም ብሎ አቆመ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሽታው እንደ ደረሳቸው ወደ እኛ መጥተው ረዳታቸውን ከጎማችን ሥር ታኮ እንዲያደርግ አዘዙት። እኔ የውኃ ጀሪካን አንሥቼ ወደ ጎማው ስራመድ፣ «የጋለ ብረት ላይ ውኃ አይፈስስም፤ ይሰነጠቃል፤ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ» ብለው ከለከሉኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ልጁ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ምልክቱን አላየኸውም?» አሉት። «አይቼዋለሁ፣ አባባ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያው ምልክቱ የተተከለው ከላይ ነው፤ አንተ ግን ያነበብኸው እዚህ ታች ደርሰህ ነው» አሉት።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ቃል ለልጁ ተነገረ እንጂ የደረሰው ለእኔም ነው። ስሙን በመጥራቱ ብቻ «ጎበዝ» ብዬ የሸለምሁት እኔ ነበርሁና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ንባብና ትርጓሜ ሁለት ነገሮች እንደ ሆኑ ያውቃል፤ አንድ ልጅ ገጹን ሳይሳሳት ሲያነብ ሳለ፣ የሚያነበው ነገር ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። የመንገድ ምልክትም እንዲሁ ንባብ አለው፤ ትርጓሜ አለው፤ ከሁሉም በላይ ምግባር አለው። ንባቡ «ይህ ምንድር ነው?» ሲል፣ ትርጓሜው «ስለ ምን እዚህ ተተከለ?» ይላል። ምግባሩ ደግሞ «አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ እጄና እግሬ ምን ያድርጉ?» የሚለው ነው። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ንባቡን ነው፤ መንገዱ የሚጠይቀው ግን ምግባሩን ነው።

አስቀድመን ንባቡን እንመልከት። በአገራችን መንገድ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያው ቀይ፣ መደቡ ነጭ፣ ሥዕሉም ጥቁር ነው። ክብ የሆነው ምልክት የሚከለክል ወይም የሚያስገድድ ትእዛዝ ነው፤ አራት ማዕዘን የሆነው ደግሞ በአብዛኛው መረጃ ይሰጣል። ጫፉ ወደ ታች የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ለሌላው ተላላፊ ቅድሚያ ስጥ የሚል ትእዛዝ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለውም ፈጽመህ ቁም ይላል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ በቅርጽ መለየታቸው ጥቅም አለው፤ ጭቃ ቢሸፍናቸው ወይም ከጀርባቸው ቢታዩ እንኳ ይታወቃሉና። ስለዚህ አዲስ ነጂ ሥዕሉን ከመለየቱ አስቀድሞ ቅርጹን ከሩቅ ማንበብ ይልመድ። በአሜሪካ አገር የምትነዱ ወገኖቻችን ግን በዚያ ማስጠንቀቂያው ማዕዘኑ ላይ የቆመ ቢጫ አራት ማዕዘን እንደ ሆነ ልብ በሉ።

በሥዕል መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1909 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተደረገው የአውቶሞቢል ዓለም አቀፍ ስምምነት መጀመሪያ የተወሰኑት የማስጠንቀቂያ ሥዕሎች አራት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የመንገድ ጉብታ፣ መታጠፊያ፣ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ናቸው። የቋንቋ ልዩነት ያለባቸው መንገደኞች ሁሉ፣ ፊደል የማያውቀውም ሳይቀር፣ በአንድነት እንዲረዱት ሥዕል ተመረጠ። ዛሬ ምልክቶቹ በጣም በዝተዋል፤ የሁሉም ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ዓይንህ ገና ያላየው ነገር ከፊትህ አለ ማለት ነው።

ትርጓሜው ከዚህ ላይ ይጀምራል። አደጋው ከሩቅ በግልጥ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ምልክት ባላስፈለገም ነበር። ምልክቱ የተተከለው መንገዱ ስለሚሰውረው ነገር ነው። እንግዲህ «አደጋውን ሳየው ፍጥነቴን እቀንሳለሁ» የሚል ነጂ ምልክቱን አላመነውም ማለት ነው፤ ያመነው ዓይኑን ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ በመኪና ፍጥነት ፊት የሚዘገይ መሆኑን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ሳይያዝ 22 ሜትር ሄዷል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 36 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በጠቅላላው ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን 20 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። መንገዱ ርጥብ ሲሆን ይህ ርቀት እጅግ ይረዝማል፤ በቁልቁለትም እንዲሁ ነው። ድካምም፣ ጨዋታም፣ የእጅ ስልክም የመጀመሪያውን አንድ ሰከንድ ወደ ሁለትና ወደ ሦስት ያሳድጉታል።

ምልክቱ ከአደጋው 150 ሜትር ቀድሞ ተተክሎ ቢሆን፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ከምልክቱ እስከ አደጋው ለመድረስ ያለው ጊዜ ሰባት ሰከንድ አይሞላም። በ40 የሚሄደው ግን ከ13 ሰከንድ በላይ አለው። ምልክቱ ለሁለቱም ያው ምልክት ነው፤ ለአንዱ የሰጠው ጊዜ ግን ለሌላው ከሰጠው እጥፍ ነው። እንግዲህ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሁሉ የመጀመሪያ ምግባር፣ ሥዕሉ ምንም ይሁን ምን፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት ነው። የቀረው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

አሁን ደግሞ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹን ከነምግባራቸው እንመልከት።

አደገኛ ቁልቁለት። በምልክቱ ላይ 10 በመቶ የሚል ቢጻፍ፣ 100 ሜትር ወደ ፊት በተሄደ ቁጥር መንገዱ 10 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ፍሬን የመኪናውን ግስጋሴ የሚያቆመው ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው፤ ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ከመጠን በላይ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ነጂው ገና ከላይ ሳለ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በሚያስፈልገው ዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ ሾፌሮች በፎሌ እንደሚሉት፣ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ነፍስን ከነዳጅ ማርከስ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬኑና ለመሪው የሚሰጠው እገዛ ይቋረጣልና።

አደገኛ መታጠፊያ። ሥዕሉ ከሥር ወደ ላይ ይነበባል፤ መስመሩ መጀመሪያ ወደሚያዘነብልበት ወገን መንገዱ መጀመሪያ ይታጠፋል። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ሳይደረስ ነው። በመታጠፊያው መካከል ፍሬን በኃይል መርገጥ ጎማውን ሊያንሸራትተው ይችላል። የራስን መሥመር ሳይለቁ መሄድ፣ የፊተኛውንም መኪና ለመቅደም አለመሞከር ግዴታ ነው፤ ከማዶ የሚመጣውን የሚያውቀው የለምና።

የሚያንሸራትት መንገድ። መኪናና የተጣመመ የጎማ ዱካ የተሣለበት ነው። አዲስ ነጂ ብዙ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚያስፈራ ይመስለዋል። ነገር ግን ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ ይበልጥ ያታልላል፤ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋራ ተደባልቆ ገና ሳይታጠብ ይቀራልና። ምግባሩ ዝግታ፣ ከፊተኛው መኪና ርቆ መሄድ፣ መሪንም ፍሬንንም በድንገት አለመጠቀም ነው።

ልጆች። ሁለት የሚሮጡ ልጆች የተሣሉበት ምልክት ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት አቅራቢያ ይገኛል። ነጂው መንገዱን ባዶ አይቶ «ዛሬ ማንም የለም» አይበል። ሕፃን የመኪናን ርቀትና ፍጥነት እንደ ዐዋቂ ሊመዝን አይችልም። ኳስ ተንከባልላ ከወጣች ልጁ ይከተላታል፤ ከቆመ ታክሲ ፊት የወረደ ተማሪም ዘወር ሳይል ይሻገራል። ስለዚህ እግር በፍሬን ላይ ተዘጋጅቶ፣ ዓይን ከቆሙት መኪኖች ሥርና መካከል መመልከት ይገባዋል።

የቤት እንስሳት። ይህ ምልክት በገጠር መንገዳችን እጅግ የሚያስፈልግ ነው። አንዲት ላም ተሻግራ ባለፈች ጊዜ ነጂው መንገዱ የተለቀቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥጃዋ ከወዲህ ቀርቶ እንደ ሆነ ይከተላታል። ከሁሉም በኋላ የሚሻገረው እረኛው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው፤ ዓይኑም በከብቶቹ ላይ እንጂ በመኪናው ላይ አይደለም። ስለዚህ ከብቶቹን ብቻ ሳይሆን እረኛውንም እስክታየው ድረስ ታገሥ። ክላክስ አብዝቶ መንፋት ከብቱን ያስደነግጠዋል እንጂ አያፈጥነውም።

የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ። እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ። አጥር የተሣለበት ምልክት ማቋረጫው መዝጊያ ያለው ነው ሲል፣ ባለ ጭስ ባቡር የተሣለበት ግን መዝጊያ የሌለው ነው ይላል። እንግዲህ ይበልጥ የሚያስፈራው ባቡሩ የተሣለበት ነው፤ በዚያ ሥፍራ ነጂውን የሚያቆመው ከራሱ ጥንቃቄ በቀር ምንም የለምና። ባቡር ነጂውን አይቶ ወዲያው ሊቆም አይችልም። መስኮት ከፍቶ፣ የዘፈን ድምፅ ቀንሶ፣ ግራ ቀኙን አይቶና አድምጦ መሻገር ነው። ከሐዲዱ ማዶ የቆሙ መኪኖች ካሉም ቦታ እስኪለቀቅ ድረስ ወደ ሐዲዱ አለመግባት ነው።

ቃለ አጋኖ ብቻ የተሣለበት ምልክትም አለ። ልዩ ሥዕል ያልተሣለለት ሌላ አደጋ አለ ማለት ነው። ነጂው ምን እንደ ሆነ ስላልተነገረው ይንቀዋል፤ ስላልተነገረው ይልቁን ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር።

ከእነዚህ ሌላ በአገራችን መንገድ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ምልክት አለ። መኪና በተበላሸ ጊዜ ሾፌሮቻችን ቅጠል ቆርጠው፣ ድንጋይም ደርድረው ከኋላና ከፊት ያኖራሉ። አዲስ ነጂ በመንገድ መካከል ለምለም ቅጠል ሲያይ «ነፋስ የጣለው ነው» ብሎ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ፤ ከመታጠፊያው ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ሊኖር ይችላል። ለራሱ ግን አንጸባራቂውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በመኪናው ይያዝ፤ ቅጠል በሌሊት አይታይምና። ድንጋይ ያኖረም ሰው መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ ድንጋዩን አንሥቶ ይሂድ። ያስጠነቀቀበትን ድንጋይ በመንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው፣ ከኋላው ለሚመጣው ሌላ አደጋ አኑሮ ሄደ።

ደግሞም ምልክት ያልቆመበት ሥፍራ ሁሉ አደጋ የሌለበት አይደለም። አንዳንዱን ምልክት መኪና ገጭቶ ጥሎታል፤ ሌላውን ፀሓይና ዝናብ አደብዝዞታል፤ አንዳንዱንም ብረቱን ሽቶ የነቀለው ሰው አለ። ምልክት የሚነቅል ሰው ቆርቆሮ የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን በሌሊት የሚያልፈውን የማያውቀውን ሰው ዓይን ነው። ይህን ልጆቻችን ከመሪው በፊት ሊማሩት ይገባል።

እንግዲህ የቤተሰብ ድርሻ ምንድር ነው? አንደኛ፣ ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የምልክቶቹን መጽሐፍ ዘግቶ እንዳያስቀምጥ፣ ከእርሱ ጋራ ተቀምጣችሁ እንደገና አንብቡት። ስትጠይቁትም «የዚህ ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ ብቻ አትቅሩ፤ «ይህን ስታይ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። እግሩና እጁ የሚሠሩትን በቃሉ ተራ በተራ ይንገራችሁ። ሁለተኛ፣ በመኪና አብራችሁ ስትሄዱ አታስቸኩሉት። ለሰርግም ሆነ ለለቅሶ ዘግይቶ መድረስ ነውር አይደለም፤ «ቶሎ በል» የሚል የዘመድ ቃል ግን ብዙ ምልክት ያስረሳል። ሦስተኛ፣ ሲዘገይ ፈሪ ብላችሁ አትሳቁበት። ገና ምንም በማይታይበት ቦታ ፍጥነቱን የቀነሰ ልጅ ምልክቱን ያነበበው ከላይ ሆኖ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ዓባይን ተሻግሯል፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ አብሬው እሄዳለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወጥተን ያ ምልክት ሲታይ ስሙን አልጠይቀውም፤ የማዳምጠው የሞተሩን ድምፅ ነው። ማርሹ ሲቀንስና ሞተሩ ከፍ አድርጎ ሲያጓራ እሰማለሁ፤ መንገዱም በዚያ ሥፍራ ገና ገር ነው። ከኋላችን የሚመጡት ችኩሎች ክላክስ ይነፉብናል። እርሱም ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ እናቱም ከኋላ ሆና ነጠላዋን እያስተካከለች ዝም ትላለች።

ይቆየን።